አህያዬ ኤምባሲ ያስገባችኝ ዕለት

በደርግ ጊዜ ነው፤ ወጣቱ ለውትድርና በሚታፈስበት ሰሞን። እናቴ ከእኔ ሌላ የሚያርስላት የላትም። ከገርጂ ጭድ ጭኜ ወደ ቦሌ ስነዳ የአፈሳው መኪና ፊቴ ገጭ አለ። እናንተዬ፣ የዚያን ዕለት ሩጫዬን አውሮፕላን ቢያየው ያፍር ነበር። የተከፈተ በር ሳገኝ ከነአህያዬ ዘው አልኩ። ግቢው ውስጥ አንድ ፈረንጅ ፀሐይ ይሞቃል። አህያዬ ሰላምታም ሳትሰጥ ሣሩን ትግጥ ጀመር።

ከመኪናው የወረደ ካድሬ ተከትሎኝ ደረሰ። የሰፈራችን አብዮት ጥበቃ ጋሽ በዳዳ ግን በሩ ላይ ጠመንጃቸውን አጋድመው ቆሙበት።

«ጓድ፣ እንዳይገቡ። ኤምባሲ ነው።»

«ቢሆንስ?»

«በዓለም ሕግ ይሄ ግቢ የሰው አገር ነው። አንድ እግር ካስገቡ ወረራ ይባላል። ነገ በሬዲዮ የሚጠራው የእርስዎ ስም ነው።»

«ልጁ የእኛ አይደለም እንዴ?»

«ልጁ የእኛ ነው፤ የቆመበት መሬት ነው የእነሱ።»

«አህያዋስ?»

«እሷማ ሣራቸውን በላች፤ ግማሽ ጎኗ ወደዚያ ዞሯል።»

እኔም ከውስጥ «በሕግ አምላክ» አልኩ።

«በየትኛው ሕግ?» አለ ካድሬው ጣቱን ቀስሮብኝ።

«በሁለቱም» አሉ ጋሽ በዳዳ።

ካድሬው ፈረንጁን አየት አድርጎ፣ አጉረምርሞ ሄደ።

የጋሽ በዳዳን ጉልበት ሳምኩ። የኤምባሲውንም መንግሥት እስከ ልጅ ልጁ ልመርቀው ፈልጌ፣ «ለመሆኑ የየትኛው አገር ኤምባሲ ነው?» አልኳቸው።

«የምን ኤምባሲ ነው የምትለኝ? የቀበሌ ቤት ነው፤ ሰውዬው የዶሮ ሐኪም ነው።»