ለኮሌጁ ቡድን ስሰፋ

በስደት አገር፣ ጀፕስታውን በሚባል ሠፈር ውስጥ፣ ከመርካቶ ከመጡ አንድ ልብስ ሰፊ ጋር አንዲት ጠባብ ሱቅ ተከራይተን እንሠራ ነበር። በዕድሜ አባቴ ስለሚሆኑ ጋሼ ነው የምላቸው። ጋሼ ሱሪና ኮት ይሰፋሉ፤ እኔ የተማሪ ዩኒፎርምና የሴት ቀሚስ። ስለ ስፖርት የምናውቀው ከጎረቤት ሻይ ቤት የሚሰማውን የእግር ኳስ ጩኸት ብቻ ነበር።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ጎንበስ ካላለ በራችንን የማያልፍ ረጅም ሰው ገባ።

«ሳውቦና ማማ» አለኝ።

«ዬቦ» አልኩት። የዙሉ ሰላምታ ከነመልሱ ከደንበኞቼ የተማርኩት ነው። ከዚያ በእንግሊዝኛ ቀጠልን። ከሠፈራችን ብዙ በማይርቅ አንድ ትንሽ ኮሌጅ የሒሳብ መምህር ነው። አሜሪካ ተምሮ ሲመለስ እዚያ የወደደውን ጨዋታ ይዞ መጥቷል፤ የአሜሪካ ፉትቦል ይባላል። ደንቡ ኳስ ይዞ የሚሮጠውን ሰው ተጠምጥሞ መጣል ነው። ለዚያ ደግሞ የራስ ቁርና የትከሻ መከላከያ ያስፈልጋል፤ ኮሌጁ ያንን መግዛት አልቻለም። ስለዚህ በቀላሉ መንገድ ሊጀምር አስቧል። ተጫዋቹ ቀበቶ ይታጠቃል፣ ከቀበቶው ግራና ቀኝ ጥብጣብ ይንጠለጠላል፣ ጥብጣቡን የነጠቀው ሰውየውን እንደጣለው ይቆጠራል።

ነገሩን ለጋሼ ተረጎምኩላቸው። ከስፌታቸው ቀና ሳይሉ፣ «ኳሱን በእጅ ከያዙት ታዲያ ለምን የእግር ኳስ አሉት?» አሉ።

ይህንንም ለመምህሩ ተረጎምኩ። ወንበር ስቦ ተቀመጠና ሲስቅ ቆየ። «እዚያ በነበርኩባቸው ዓመታት ሁሉ ጠይቄያለሁ፤ መልሱን የሚያውቅ አላገኘሁም» አለ።

ሃያ ቀበቶ አዘዘኝ። ጥብጣቡ የሚያያዘው በቬልክሮ፣ ሲላቀቅ ጠርር በሚለው ማጣበቂያ ነው። እኔ ደግሞ ከሱቃችን የወጣ ነገር ተፈታ ሲባል መስማት አልወድም። ቬልክሮውን ሰፋ አድርጌ ቆረጥኩና በድርብ ስፌት አሰርኩት። በሳምንቱ መምህሩ ቀበቶዎቹን በከረጢት ይዞ ተመለሰ።

«ማማ፣ ሥራሽ በጣም ጠነከረብን።»

አንዲት ተማሪ የጓደኛዋን ጥብጣብ ይዛ ስትስብ አልላቀቅ ብሏት ልጁን ከነቀበቶው እየጎተተች ከሜዳ አስወጥታዋለች። በሥራ ዘመኔ ስፌትሽ ጠነከረ ብሎ የወቀሰኝ ደንበኛ እሱ ብቻ ነው። «እስቲ ውሰደኝና ልየው» አልኩት።

ሜዳው ከኮሌጁ ጀርባ ነበር። የዚያ አገር ክረምት ዝናብ የሌለው ብርድ ነውና ሣሩ ደርቆ ቀይ አፈሩ ብቅ ብቅ ብሏል። አሥራ አራት የሚሆኑ ተማሪዎች ቆመው ጠበቁኝ። ቬልክሮውን በመቀስ እያጠበብኩ እነሱ እየሳቡ ሞከርን። ቆሞ መሳብና እየሮጡ መሳብ ግን አንድ አይደለም። በመጨረሻ ቀሚሴን ሰብስቤ ራሴ አሳደድኳቸው። ሁለት ዙር ከሮጥኩ በኋላ የአንዱን ጥብጣብ ያዝኩ፤ ጠርር ብሎ እጄ ላይ ቀረ። ልጆቹ ከበው አጨበጨቡልኝ። ልኩ የአውራ ጣት ስፋት ሆኖ ተገኘ፤ እስከ ዛሬም በዚያው ነው የምንሰፋው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሱቁን ለጋሼ እየተውኩ ሜዳ መዋል ለመድኩ።

በሁለተኛው ዓመት መምህሩ አሜሪካ ሳለ ከተማረበት ትምህርት ቤት ያረጁ የራስ ቁሮችና የትከሻ መከላከያዎች በሣጥን ተላኩልን። ወንዶቹ ትልቁን ጨዋታ ሊጫወቱ ነው። ሣጥኑ ሳይደርስ እኔ የልጆቹን ትከሻ ለክቼ የወይን ጠጅ ቀለም ባለው ጨርቅ ማሊያ ሰፍቼ ጨርሻለሁ። መከላከያውን ለብሰው ማሊያውን ሊያጠልቁ ሲሉ ግን እጃቸውን እንደሰቀሉ ተቀረቀሩ። አንዱ ጭንቅላቱ ማሊያው ውስጥ እንደቀረ ሄዶ ከግድግዳ ጋር ተጋጨ። ጨዋታው በሦስተኛው ቀን ነው። የሁሉንም ጎን ተረተርኩና ጨርቅ ልቀጥል ጅምላ መሸጫዎቹ ዘንድ ብሄድ የወይን ጠጁ አልቋል። ያለው ቢጫ ነበር። በብብታቸው ሥር ቢጫ ቀጠልኩላቸው። አሁን ለአዲስ ተማሪዎች ቢጫው የፀሐይ ምሳሌ ነው ተብሎ ሲነገራቸው እሰማለሁ። መምህሩ በዓይኑ ይጠቅሰኛል፤ እኔም ስፌቴን እቀጥላለሁ።

ወንዶቹ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም ጨዋታ አላሸነፉም። እኔ መርፌና ክሬን ይዤ ከመስመሩ ዳር እቀመጣለሁ፤ የተቀደደበት እየሮጠ ይመጣና ላዩ ላይ እንዳለ እጠቅምለታለሁ። ተሸንፈው ሲወጡ አንገታቸውን ደፍተው ነው። ታክሲው ውስጥ ከገቡ በኋላ ግን አንዱ ዘፈን ያነሳል፣ ሌላው ይቀበለዋል፤ ሮዘተንቪል ቤቴ በር ላይ እስኪያወርዱኝ ድረስ አሸንፎ የሚመለስ ቡድን ነበር የሚመስሉት።

ሴቶቹ ደግሞ በጥብጣቡ ጨዋታ ቀጠሉና የራሳቸውን ቡድን አቋቋሙ። ከመካከላቸው አንዷ ያገራችን ልጅ ነበረች። ወላጆቿ ከደቡብ ኢትዮጵያ የመጡ ሲሆኑ አይቮሪ ፓርክ በሚባል ሠፈር ስፓዛ፣ ማለት ትንሽ ሱቅ አላቸው። እሷ አካውንቲንግ ትማራለች። ኳስ ከያዘች የሚደርስባት አልነበረም።

አንድ ቅዳሜ አባቷ ሱቃችን መጡ። ለሱቃቸው ዕቃ ሊጭኑ መሀል ከተማ ወርደው ነው። ኮታቸው የተተኮሰ፣ ፊታቸው የተቆጣ ሰው ናቸው። ከኪሳቸው ቀበቶ አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩት፤ የሱቃችን ምልክት ተሰፍቶበታል።

«እህቴ፣ ይህን ከልጄ ቦርሳ አገኘሁት። ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተ መጻሕፍት ነው የምውለው ትለኛለች። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ጉልበት ይላጣል?»

«አይላጥም» አልኳቸው።

«ታዲያ የት ነው የምትውለው?»

እሷ ያልነገረቻቸውን እኔ ብናገር ደግ አልመሰለኝም። ዋሽቼ ልሸኛቸውም አልፈለግሁም። «ዛሬ እኔም ወደዚያው ነኝ፤ ይምጡና በዓይንዎ ይዩ» አልኳቸው። ዘይትና ዱቄት በጫነችው ባኪያቸው፣ ማለት ፒክአፕ መኪናቸው፣ ሄድን።

እዚህ ላይ ስለ ሰንሰለቱ መንገር አለብኝ። በዚህ ጨዋታ አንድ ቡድን በአራት ሙከራ አሥር ያርድ ወደፊት መግፋት አለበት። ካልገፋ ኳሱን ለሌላው ያስረክባል። ርቀቱ የሚለካው ሁለት ሰዎች ጫፍና ጫፉን በዱላ በሚይዙት ሰንሰለት ነው። በጥብጣቡ ጨዋታ ሰንሰለት ግድ አልነበረም፤ መምህሩ ግን ልጆቹ ትልቁን ጨዋታ ይልመዱ ብሎ አምጥቶታል። የዚያን ቀን አንደኛው ሰንሰለት ያዥ ቀርቷል። መምህሩ ኮት ለብሰው መስመሩ ዳር ቀጥ ብለው የቆሙትን ሰው ሲያይ የተላከለት ሰው መሰለው። ዱላውን አስጨበጣቸው።

«ሰር፣ ይህን ይያዙልኝ። ካልነገርኩዎት በቀር እንዳይንቀሳቀሱ።»

አባትየው አዩኝ። እኔ ዓይኔን መሬት ጣልኩ። የሰው አደራ እጃቸው ከገባ ወዲያ መመለስ የማይችሉ ሰው ናቸውና ዱላውን ይዘው ቀሩ።

ልጅቷ ሜዳ ስትገባ አየቻቸውና ባለችበት ደረቀች።

«ቦታሽን ያዢ» አሏት።

ጨዋታው ተጀመረ። ወደ መጨረሻው ገደማ ሁለቱ ቡድኖች እኩል ነበሩ። በአራተኛው ሙከራ ልጅቷ ኳሱን ይዛ ስትሮጥ ጥብጣቧ ልክ አባቷ ፊት ተነጠቀ። ሰንሰለቱ ተወጠረ። ዳኛው ጎንበስ ብሎ አየ፤ አንድ ጋት ያህል ይጎድላል። ልጅቷ ጠጋ ብላ በአማርኛ፣ «አባዬ፣ ዱላውን ትንሽ ሳብ አድርገው» አለች፤ ቀልድም ልመናም ነበረበት።

«ሰው ሚዛኔን አምኖ ነው የሚገዛኝ» አሏት። «ለአንቺ ብዬ ልሰርቅ ነው? ሂጂ፣ ኳሱን አስጥለሽ ተቀበዪ።»

ሄደች። ተጋጣሚዎቹ በአራት ሙከራ አሥር ያርዳቸውን መሙላት አቃታቸው፤ ሁለቱን ጥብጣብ የነጠቀችው እሷ ነበረች። ኳሱ ለእኛ ተመለሰ። ጓደኛዋ ወደ ላይ ወረወረችላት፣ ቀልባ ያዘችና ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር ሮጠች። የደረሰባት የለም። ኮሌጁ ቡድን ካቋቋመ ጀምሮ ያሸነፈው የመጀመሪያ ጨዋታ ያ ነው።

ሁሉም ወደ ሜዳው መሀል ሮጠ። እኔ መርፌዬን እንኳ የት እንደጣልኩት አላውቅም። አባትየው ብቻ ከቦታቸው አልተነሱም። አይንቀሳቀሱ የተባሉት ትዝ ብሏቸው ዱላውን በሁለት እጃቸው እንደያዙ ባሉበት ይዘላሉ፣ ዕንባቸው ይወርዳል። መምህሩ ሄዶ ከእጃቸው ተቀበላቸው። ያኔ ነው ልጃቸውን ያቀፏት።

ቀጥለው የባኪያቸውን ሸራ ገለጡ። ለሱቅ የጫኑትን ብስኩትና ለስላሳ አውርደው ለሁለቱም ቡድን አደሉ። «እናትሽ ዕቃው የት ሄደ ብላ ትጠይቀኛለች» አሏት።

«ቤተ መጻሕፍት አደረስኩት በላት» አለች ልጅቷ። አባትየው ሳቃቸውን መያዝ አልቻሉም።

ዛሬ እሷ ተመርቃ ሥራ ይዛለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ የሴቶቹን ቡድን ታሠለጥናለች። አባቷ ሰንሰለቱን ለማንም አልሰጡም። ሌሎች ኮሌጆች ከእኛ ጋር ሲጫወቱ ሰንሰለቱን እኚያ ኢትዮጵያዊ ይያዙልን ብለው እንደሚጠይቁ መምህሩ ነግሮኛል። ወንዶቹም ማሸነፍ ጀምረዋል፤ ሁልጊዜ አይደለም እንጂ።

ባለፈው ዓመት ቡድኑ ፎቶግራፍ ሊነሳ ሲል ተጫዋቾቹ ጠሩኝና ማሊያ ሰጡኝ። የወይን ጠጅ ነው፣ ጎኑ ቢጫ። ሳገላብጠው ስፌቱ ይንጋደዳል፤ አንዱ እጅጌ ከሌላው በሁለት ጣት ይረዝማል። ከእኔ እጅ እንዳልወጣ ገባኝ።

«ማን ሰፋው?» አልኩ።

«እኛ» አሉ። እሑድ እሑድ እኔ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ እየተፈራረቁ ሱቃችን ይመጡ ኖሯል። ያስተማሯቸው ጋሼ ናቸው፤ አንድ ቀን እንኳ ሜዳ ረግጠው የማያውቁት ጋሼ።

በማግሥቱ ማሊያውን ሱቅ ይዤ ሄድኩና፣ «ጋሼ፣ እጅጌውን ፈትቼ ላስተካክለው እንዴ?» አልኳቸው።

«እንዳትነኪው» አሉኝ። «ስፌቱ መጥፎ መሆኑን አጥቼው መሰለሽ? አምስት ጊዜ አፍርሰው ነው እዚህ ያደረሱት።»

አልነካሁትም። ጨዋታ ባለ ቁጥር ያንን ነው የምለብሰው። አንገቱ ስለሚጠብ ፀጉሬን ከመሠራቴ በፊት አጠልቀዋለሁ።