ለኮሎኝ የተሳለ ጥላ

እናቴ ቶሮንቶ የገባች ቀን ኤርፖርት ቆሜ መጀመሪያ ያየሁት እሷን ሳይሆን ጥላውን ነበር። በነጠላ ተጠቅልሎ የታሰረ፣ ወርቃማ ዘርፉ በአንድ በኩል ሾልኮ የተንጠለጠለ፣ ለታቦት የሚያዝ ዓይነት ቀይ የከፋይ ጥላ። ስማኝ ሳትጨርስ "ፍራንክፈርት ላይ አልቀበልም አሉኝ" አለችኝ።

"እነማን?"

"የአውሮፕላኑ ልጆች። ለኮሎኝ ነው፣ አድርሱልኝ ብላቸው ሳቁብኝ።"

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መካከል ነው። ለዓመታት ያላየኋትን እናቴን አቅፌ ልነፋረቅ ተዘጋጅቼ ነበር፤ ገና ከበሩ ሳንወጣ ስለ ጥላ እንከራከር ጀመር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በደርግ ጊዜ በእግሬ ወደ ሱዳን ስወጣ ለረጅም ጊዜ ድምፄ ጠፋ። እናቴ ያልጠየቀችው ሰው፣ ያልተሳለችለት ታቦት አልነበረም። በመጨረሻ ሰርቪስ ቤታችንን የተከራየ፣ ጀርመን አገር የተማረ መምህር የሰብአ ሰገል አጽም ኮሎኝ በምትባል ከተማ፣ ካቴድራሉ ውስጥ፣ በወርቅ ሣጥን ተቀምጧል ብሎ ነገራት። ከሦስቱ አንዱ የኛ ንጉሥ እንደሆነ ከልጅነቷ ጀምሮ ስትሰማ ኖራለች። ኮከብ እያዩ ያን ሁሉ አገር ካቋረጡ መንገደኞች ይልቅ መንገድ ላይ ለጠፋ ልጅ ማን ይሻላል ብላ ጥላ ተሳለች። ብዙም ሳይቆይ ከካርቱም ደወልኩ። ስለቱ ሰመረ ማለት ነው።

እኔ እንግዲህ ጴንጤ ነኝ። ስለት አልሳልም፣ አጽምም አልሳለምም። ሴንት ጄምስ ታውን ያለችው አንድ መኝታ ያላት ቤቴ ደግሞ ለሁለት ሰው እንኳ ትጠባለች። ጥላው ቁም ሣጥን አልገባ ብሎ ከሶፋው ጀርባ ቆመ፤ ቤት በጠረግሁ ቁጥር ይወድቅብኛል። "እማዬ፣ ኢየሱስ ሁሉን ከፍሎታል" ስላት "እሱ የከፈለው የሱን ነው፤ ይኼ የኔ ነው" ብላ ዘርፉን ታራግፋለች። በፖስታ ልላከው አልኳት። ስለት በፖስታ ሲላክ የት አየሽ አለችኝ።

ቢቸግረኝ ወደ ቄስ ወሰድኳት። ተከራይተው በሚቀድሱበት አዳራሽ ጥላ ያጥራቸው ነበርና አባ ዓይናቸውን ከከፋዩ ላይ መንቀል አልቻሉም። "እዚሁ ያስገቡት፤ እግዚአብሔር የሌለበት ቦታ የለም። ስለቱን እኔ እፈታልዎታለሁ" አሏት።

"ይፍቱኝ አባቴ፣ ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው" አለቻቸው። "ለእርስዎ ቤት የተሳልኩትን ወስጄ ለሌላ ቤት ብሰጥ ደስ ይልዎታል?"

አባ ከፋዩን አንዴ ዳብሰው ሸኙን። ጥላውን ተሸክሜ በሳብዌይ ወደ ቤት ተመለስን፤ ሰው ሁሉ ያየን ነበር።

ልቧ ባይታመም ይኼን ሁሉ የእናት ነገር ነው ብዬ በቻልኩት ነበር። ግን ታመመች። ሐኪሙ አንዱ የልቧ ቫልቭ በጣም ጠቧል፣ በኦፕራሲዮን ካልተስተካከለ የሚቀጥለውን ገና ላታየው ትችላለች አለን፤ አውሮፕላን መሳፈርም ከለከላት። አስተርጓሚዋ እኔ ነኝ። ትስማማ እንደሆነ ጠይቂልኝ ሲለኝ እናቴ ቀና ብላ "ስለት አንገቴ ላይ ይዤ ደረቴን አላስከፍትም በይው" አለች። ይኼን በምን እንግሊዝኛ ልበለው? ትንሽ ታስብበት አልኩት።

በታሪክ ላሸንፋት ወሰንኩና ቤተ መጻሕፍት ሄጄ ስለ ኮሎኝ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። ማታ ምስር ስትለቅም ከፊቷ ተቀመጥኩ።

"አጽሙን ከየት እንዳመጡት ታውቂያለሽ? ሚላን የምትባል ከተማ በጦርነት ስትሸነፍ የጀርመኑ ንጉሥ ለኮሎኝ ጳጳስ የሰጠው ምርኮ ነው። ማንም ሳይጠይቃቸው ነው ተራራ አሻግረው የወሰዷቸው።"

"አንቺስ ሱዳን ተጠይቀሽ ነው የገባሽው?" አለችኝ።

"እሺ፣ ካቴድራሉንስ? ሠርተው ለመጨረስ ከስድስት መቶ ዓመት በላይ ፈጅቶባቸዋል። ግንቡ ግማሽ ላይ ቆሞ፣ የድንጋይ ማንሻው ክሬን አናቱ ላይ እንደተገተረ ስንት ትውልድ አለፈ። ለነዚህ ነው ጥላ የምትልኪው?"

"ክሬኑን አላወረዱትም?"

"አላወረዱትም።"

"ተስፋ አልቆረጡማ። ደግ ሰዎች ናቸው።"

ከተማዋ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በቦምብ ዶግ አመድ ሆና ካቴድራሉ ብቻውን ቆሞ የሚታይበትን ፎቶ አሳየኋት፤ ለምን እንዳሳየኋት እንጃ። አማተበች። የከተማዋ አርማ ላይ በሰብአ ሰገል ምክንያት ሦስት ዘውድ እንዳለም አምልጦኝ ነገርኳት፤ ከዚያ ወዲያ አንደኛው ዘውድ የኛ ሆነ። ላሸንፋት ሄጄ ስንቅ ሆኜላት አረፍኩት።

ያን ጊዜ ትዕግሥቴ አለቀ።

"ለኦፕራሲዮኑ የያዙልሽ አፖይንትመንት ካንስል ከተደረገ ሌላ እስኪሰጡን ትሞቻለሽ" አልኳት። "ይገባሻል? ለመሆኑ ምን ብለሽ ነው የተሳልሽው? ልጄን መልሱልኝ ነው ያልሽው? አልተመለስኩማ። ይኸው ካናዳ ነኝ። ስለትሽ አልሰመረም፤ የምታስገቢውም ጥላ የለም።"

ምስሩን መልቀሟን አቆመች። "መልሱልኝ አላልኩም።"

"ምን አልሽ ታዲያ?"

"እነሱ በሕልም ወደ ሄሮድስ አትመለሱ ተብለው በሌላ መንገድ አይደል አገራቸው የገቡት? ልጄንም በሌላ መንገድ አስገቡልኝ አልኩ። በኔ በኩል አትምጣ፣ እኔ ባላያትም ግድ የለም፣ ብቻ የሆነ አገር በሰላም ትግባ አልኩ።"

ጥቅሱን አውቀዋለሁ፤ ስንት ጊዜ ተሰብኮልኛል። ግን ሌላ ነገር ነው ትዝ ያለኝ። በካርቱምም በቶሮንቶም አብረውኝ የነበሩት ልጆች እናቶቻቸው ስልክ ላይ እያለቀሱ ነይ፣ ና ይሏቸው ነበር። የኔዋ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጎረቤት ሠርግ፣ ስለ ጤፍ ዋጋ አውርታ ትዘጋው ነበር። ስልኩን ዘግቼ የተከፋሁባቸው ቀኖች ብዙ ናቸው፤ ምናልባት እኔን ማጣት አልከበዳትም እስከማለት ደርሻለሁ።

"አንድ ቀን እንኳ ነይ ብለሽኝ አታውቂም" አልኳት።

"ነይ ብልሽ ትመጪ ነበራ" አለች። "መጥተሽ ይገድሉሽ?"

ወደ ምስሯ ተመለሰች። እኔም ትሪው ጋ ተጠግቼ አብሬያት ለቀምኩ።

በማግሥቱ ዳንፎርዝ ጎዳና ላይ ካለ የትኬት ቢሮ የኮሎኝ ትኬት ቆረጥኩ። የታቦት ጥላ ይዞ መሳፈር ይቻላል ወይ ብዬ ስጠይቅ ሰውየው ቀና ብሎ አየኝና ሳቀ። ከዚያ ወደ ሥራ ሄጄ አለቃዬን ኦፍ ጠየቅሁት። ለምን እንደሆነ ሲጠይቀኝ እናቴን ላሳክም ነው አልኩት።