የጠጅ ቤቱ የሣር ክዳን

በመካነ ኢየሱስ፣ ከገበያው ወደ ላይ ሲወጡ፣ አንድ ክብ የጠጅ ቤት አለ። ቤተ ክርስቲያናችንን ያነጸው አናጢ ስለ ሠራው አሠራሩ የዚያው ነው፤ በክቡ ውስጥ ሌላ ክብ ግድግዳ፣ በመካከሉ የጽድ ምሰሶ፣ በጣራው ጫፍ ጉልላት። ጠጪው በውጭኛው ዙሪያ ባለው መደብ ይቀመጣል፤ የጠጁ ጋኖች ከውስጠኛው ክብ ይቆማሉ። በገበያ ቀን ከሩቅ አገር የሚመጣ ገበሬ ጋቢውን አጣፍቶ ይሳለመዋል። አንዱም "ይህ ደብር የማን ነው?" ብሎ ሲጠይቅ፣ ከበሩ የተቀመጠ ጠጪ "ግባና ቅመስ፤ ስትወጣ ራስህ ትሰግዳለህ" ሲለው ሰምቻለሁ።

አምና ጥቅምት ላይ የቤቱ ባለቤት፣ ባሏ የሞተባት ሴት፣ ወደ እኔ መጣች። ጣራው ክረምቱን ሙሉ ሲያፈስ ከርሟል። ግድግዳው የጭቃ ነውና ሌላ ክረምት እንዲሁ ውኃ ከጠጣ ይወርዳል። ቆርቆሮ ልታለብሰው ብትነሣ ከባህል ጽሕፈት ቤት የመጣው ወጣት ከለከላት፤ ቤቱ በቅርስነት ስለ ተመዘገበ ከሣር በቀር አይከደንም። የክዳን ሣር ግን የት ይገኛል? ያበቅል የነበረው መሬት ሁሉ ታርሶ ገብስ ሆኗል።

"የኔታ፣ ሣር የቀረው በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ብቻ ነው። እርስዎ ቢናገሩልኝ" አለችኝ።

ጉልበቴን ታምሜ ማኅሌት መቆም እንኳ ከብዶኝ ነበር፤ ክርክር አልፈለግሁም። ሆኖም እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከሰበካ ጉባኤው ፊት ጉዳይዋን አቀረብሁ።

"የታቦት ሣር ለጠጅ ቤት?" አሉ ቄሰ ገበዙ። "የኔታ፣ እርጅናው ነው ወይስ ጠጁ እንዲህ የሚያናግርዎ?"

ሰው ሁሉ ሳቀ።

"ሁለቱም ነው" አልኋቸው። "እኛ ግን መቅደሱን ቆርቆሮ ካለበስነው ወዲህ ሣሩን የሚበላው ማን ነው?"

ሳቁ ቆመ። የሚበሉት የቄሰ ገበዙ በሬዎች እንደ ሆኑ የማያውቅ አልነበረም።

"እንግዲህ ከበሬዎቼ የተረፈውን ትውሰድ" አሉ፣ ፊታቸውን አዙረው።

የተረፈው ታጨደ፤ ደቦም ተጠራ። ወጣቶቹ ቆርቆሮ መምታት እንጂ ሣር ማሰር ስለማያውቁ፣ ከመሰላሉ የወጡት እኔን የሚያህሉ ሽማግሌዎች ናቸው። በየመካከሉ ወርደው ወገባቸውን ይይዛሉ። ሣሩም ለጣራው እኩሌታ ብቻ በቃ። ዝናብ የሚያይልበትን ወገን ከደኑና የቀረውን ላስቲክ አለበሱት።

በዚያው ዓመት ነሐሴ መጨረሻ ላይ ልጠይቃት ሄድሁ። በላስቲኩ ወገን ጭቃው ተልጦ ማገሩ ይታያል፤ ግድግዳው ግን አልወረደም። ከደረቀው መደብ አስቀመጠችኝ።

"የዘንድሮውን አለፍነው፣ የኔታ። ለቀረው እኩሌታስ ጥቅምት ላይ ይናገሩልኛል?"

"ብኖር" አልኋት። ያን ጊዜ ያደከመኝ የሞት ነገር አልነበረም፤ ቄሰ ገበዙን እንደ ገና መለመኑ ነበር።