ለካ ካርቶን ነኝ

ዛሬ ካሸሩ የት እንዳለ ለጠየቀኝ ሰውዬ ባዶ ካርቶን አመጣሁለት።

የምሠራው ዶራቪል ከተማ፣ የብራዚሎች ግሮሰሪ ነው። በፖርቹጋልኛ «ካይሻ» ሲለኝ እኔ የማውቀው ካርቶንን ነው። ካሸሯ ደግሞ ራሴ ነኝ፤ እቃ ልደረድር ብዬ ነው ከቦታዬ ዞር ያልኩት።

አለቃዬ ስቃ ስትጨርስ አስረዳችኝ። በወንድ ፆታ «ኦ ካይሻ» ካሉ ካሸር ነው፤ በሴት «አ ካይሻ» ካሉ ካርቶን።

እኛ እኮ «መኪናው» አልን «መኪናዋ» ያው መኪና ነው! ቢበዛ ወደናት ነው።

ድክም ብሎኝ፣ «ካሸሩ ሴት ከሆነስ?» አልኳት።

«አ ካይሻ» አለችኝ።

ከጠዋት ጀምሮ ተገትሬ ስውል፣ ማንም ቁጭ በይ ሳይለኝ፣ ጠርጥሬ ነበር።

እናንተስ በሰው ቋንቋ ምን ሆናችሁ አረፋችሁ?