የአንዲት ጣት ክፍተት

የሥራ ባልደረቦቿ ሲያፌዙባት «ወይዘሮ ጣት» ይሏታል፤ ከፌዘኞቹ መካከል ግን የእርሷን ያህል ሥራውን ያወቀ አልነበረም። በትንሿ አውሮፕላን ዳሽቦርድ ላይ ሦስት ማንሻዎች አሉ፤ ጥቁሩ የሞተሩን ጉልበት፣ ሰማያዊው የፕሮፔለሩን ፍጥነት፣ ቀዩ የነዳጁንና የአየሩን ቅልቅል ያዝዛል። ከማንሻዎቹ እስከ ሞተሩ የሚሄዱትን ካቦ የሚባሉ የሽቦ ገመዶች ሃያ ሁለት ዓመት ያሰረችው መካኒክ እርሷ ናት። ማንሻው እስከ መጨረሻው ሲገፋ፣ በእጀታውና በዳሽቦርዱ መካከል ትንሿ ጣቷ የምትገባበት ክፍተት መቅረት አለበት። እጀታው ቀድሞ ዳሽቦርዱን ከነካ፣ አብራሪው ሙሉ ጉልበት የሰጠ ይመስለዋል፤ ሞተሩ ጋ ግን አልደረሰም።

አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ክፍተቷን ጠላት። ያላለቀ ሥራ ትመስላለች አለ። ወይዘሮ ጣት ጥርሷን ልታስነቅል በቀረችበት ቀን፣ ሌላ መካኒክ አዝዞ የጥቁሩን ማንሻ ካቦ ከታሰረበት ቦታ አዛወረ፤ እጀታው ዳሽቦርዱ ላይ ልጥፍ አለ። በምርመራው ወረቀት ላይ የቀረው ግን የእርሷ ፊርማ ነበር።

በማግስቱ ስትመጣ አራት መንገደኞች ተሳፍረው፣ አብራሪውም ቀበቶውን አስሮ ነበር። እንደ ልማዷ ማንሻውን ገፍታ ጣቷን ብታስገባ አልገባ አላት። ወረቀቱን ተቀብላ ፊርማዋን ሰረዘች።

ሥራ አስኪያጁ ከቢሮው እየሮጠ መጣ። «ወይዘሮ ጣት፣ ሰው ፊት ልታሳፍሪኝ ነው?»

«ያሳፈርኸውስ አንተ ነህ፣ ልጄ፤ አምስት ሰው አሳፍረሃል። እኔ ላወርድ ነው የመጣሁት።»

እዚያው አባረራት። እርሷ የሞተሩን ኮፈን ከፍታ አብራሪውን ጠራችው፤ ጥቁሩን ማንሻ ሌላ ሰው እንዲገፋ አደረገች። ሞተሩ ላይ ካቦው የሚያንቀሳቅሰው ክንድ ሙሉ ጉልበት ከሚሰጥበት መቆሚያ ሳይደርስ ቀጥ አለ። የጎደለው አንዲት ጣት ነው። ክፍተቷ አልጠፋችም፤ ለዓይን ከምትታይበት ቦታ ተነሥታ ሰው ወደሚሞትባት ቦታ ተዛውራለች።

አብራሪው መንገደኞቹን አወረደ። ካቦውን ያዛወረው መካኒክ መፍቻውን እየወለወለ፣ ታዝዤ ነው አለ። ታዝዤ ነው የሚል እጅ መፍቻ ባይጨብጥ ይሻለዋል።

አብራሪው የእርሷን ፊርማ ካላየሁ አልነሣም ብሎ ቁጭ አለ። ስለዚህ ካቦውን መልሳ ያሰረችው የተባረረችው ሴት ናት፤ እስክሪብቶ ይዞ አጠገቧ የቆመው ደግሞ ያባረራት ሰው። እርሷ ጣቷን አስገብታ ለካች፣ ፈረመች፤ እስክሪብቶውንም ሳትመልስለት ቱታዋ ኪስ ከትታው ሄደች።