የማላውቀው ስልክ በመስመሬ ላይ

ይህ የሆነው በ2010 ዓ.ም. ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ እንጅባራ ውስጥ ኢንተርኔት ቤት በነበረኝ ጊዜ ነው። ትንሽ ነገር ነው፤ ግን ባስታወስኩት ቁጥር ብቻዬን ሆኜ እንኳ አፍራለሁ።

ሲጀመር እኔ ተጠራጣሪ ሰው ነኝ። ያን ሰሞን መስመሩ ቀርፋፋ ስለሆነብኝ አንድ ሰው በዋይፋይ እየሰረቀኝ ነው ብዬ ደምድሜ ነበር። ሰውየውንም መርጬዋለሁ፤ ከግድግዳው ወዲያ ያሉት ልብስ ሰፊ ጋሽ አለኸኝ ናቸው። ልጃቸው ስማርት ስልክ ከላከላቸው በኋላ የስፌት መኪናቸውን ከበሩ አንስተው ወደ እኔ ግድግዳ አስጠጓት። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

አንድ ጠዋት የኔነሽ የምትባል ተማሪ ላፕቶፕ ይዛ ከዳንግላ በሚኒባስ መጣች። የመመረቂያ ሥራዋ ለገበሬ የድንች ዋጋ የሚያሳይ የስልክ አፕ ነው፤ በዚያው ቀን ስምንት ሰዓት ላይ እዚሁ ኮሌጇ ቀርባ ታሳያለች። ስማርት ስልክ ስለሌላት ላፕቶፗ ውስጥ ስልክ ፈጥራለች፤ ስክሪኑ ላይ በመስኮት የሚከፈት፣ እንደ እውነተኛ ስልክ የሚሠራ ፕሮግራም። ችግሩ፣ ላፕቶፑ ኢንተርኔት እያገኘ ውስጡ ያለው ስልክ አያገኝም። ዋጋው ከኢንተርኔት ካልመጣ አፑ ባዶ ነው።

"እንዲህ ሆኖ ካቀረብኩት መውደቄ ነው" አለችኝ።

የኢንተርኔት ገመድ ሰጠኋትና ወደ ጠረጴዛዬ ተመለስኩ። ቆየት ብዬ መስመሩን የሚያከፋፍለው ራውተር ላይ የተገናኙትን መሣሪያዎች ዝርዝር ብከፍት አንድ የማላውቀው ስልክ ገብቷል። "ያዝኩዎት!" አልኩ በሆዴ ጋሽ አለኸኝን። ከመስመሬ እንዳይገባ ዘጋሁት።

"ውይ፣ ሠርቶ ነበር እኮ! ጠፋብኝ" አለች የኔነሽ።

"አይዞሽ፣ ደግመሽ ሞክሪ።"

ከትንሽ ጊዜ በኋላ ሌላ ስልክ ገባ። ዘጋሁት። ሦስተኛ መጣ፤ ለደንበኞቻቸውም አድለዋል ማለት ነው። እሱንም ዘጋሁት። እሷ ትታገላለች፣ እኔ ሌባ አባርራለሁ። ስድስት ሰዓት አለፈ። ዓይኗ እንባ ሲያቀር ሳይ ንዴቴ ሁሉ ወደ ጋሽ አለኸኝ ዞረ። መስመሬን እየበሉ ልጅቱን ሊጥሏት ነው!

ወጣሁና ደንበኞቻቸው ፊት ጮህኩባቸው።

"ጋሽ አለኸኝ፣ ቢጠይቁኝ እሰጥዎት አልነበር? ለምን ይሰርቁኛል?"

መርፌውን ከአፋቸው አወጡ። "ምኑን ነው ልጄ?"

"ኔትወርኩን ነዋ!"

ስልካቸውን አጠፉና መዳፌ ላይ አስቀመጡት። "ይኸው፣ አንተ ዘንድ ይዋል። መኪናዋን ያስጠጋኋት ጣሪያው በበሩ በኩል ስለሚያፈስብኝ ነው።"

ተመልሼ ተቀመጥኩ። ጋሽ አለኸኝ ያጠፉት ስልክ እጄ ላይ እያለ ዝርዝሩ ውስጥ አራተኛ ስልክ ገባ።

"መጣ!" አለች የኔነሽ።

እጄ ለምዶበት ዘጋው።

"ጠፋ!"

ከፈትኩት።

"መጣ! መጣ!"

ያኔ ገባኝ። ቀኑን ሙሉ ሳባርረው የዋልኩት ላፕቶፗ ውስጥ ያለውን ስልክ ነው። ራሱን ችሎ ከመስመሩ እንዲገናኝ አድርጋ አስተካክላው ኖሯል፤ ራውተሩም የሌላ ሰው ስልክ አድርጎ ይቆጥረዋል። በዘጋሁባት ቁጥር ልታስተካክለው ብላ ራውተሩ የሚያውቅበትን መለያ ቁጥር ስትቀይረው፣ ለእኔ ሌላ ሌባ ይመስለኛል። ከጠዋት ጀምሮ ሠርቶላት ነበር።

"ምን አድርገህ አስተካከልከው?" አለችኝ።

እውነቱን ልነግራት አፌን ከፈትኩ። "እንዲያው ነካ ነካ አድርጌው ነው" አልኩ።

ሰባት ተኩል ሆኖ ነበር። በባጃጅ ሮጣ ደረሰች፤ አለፈችም።

ስልካቸውን መልሼ ጋሽ አለኸኝን ይቅርታ ጠይቄ "ተወው" ብለውኛል። ቢሆንም ያን ቤት እስክለቅ ድረስ በበራቸው ባለፍኩ ቁጥር ስልካቸውን አውጥተው መጥፋቱን ያሳዩኝ ነበር። እየቀለዱ ይሁን ተቀይመው አላወቅኩም።

የኔነሽ ደግሞ የመመረቂያ ጥራዟን አንድ ቅጂ አመጣችልኝ። የምስጋናው ገጽ ላይ ከእናቷ ቀጥሎ የእኔ ስም አለ፤ "ኔትወርክ እምቢ ባለኝ ቀን ሳይሰለች የረዳኝ" ይላል። ለማንም አሳይቼው አላውቅም። ይህን ካነበበች ስሜን ከዚያ ገጽ ትሰርዘው።