ለእናትሽ ንገሪያት

ልጅ እያለሁ እቤታችን ውስጥ ፖስተኛዋ እኔ ነበርኩ። የማደርሰው መልእክት ግን ከሳሎን ጓዳ፣ አንዳንዴም ከሶፋው አንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ ብቻ ነበር የሚጓዘው። አባባ፣ እናቴ ፊት ለፊቱ ተቀምጣ እያየችው፣ ወደ እኔ ዞሮ «ለእናትሽ ንገሪያት፣ ሸሚዜ አልተተኮሰም» ይለኛል። እኔም ዞር ብዬ «እማዬ፣ ሸሚዙ አልተተኮሰም» እላታለሁ። «መብራት ስለሌለ ነው በይው» ትለኛለች። እንደገና እዞራለሁ። እንዲህ ባለ ቤት ያደጋችሁ ታውቁታላችሁ። ላላያችሁት ግን ከመነሻው ልንገራችሁ።

አባባ የደብረ ብርሃን ሰው ነው። ሐዋሳ የመጣው በመንግሥት ሥራ፣ ቀያሽ ሆኖ ተመድቦ ነው። እማዬንም አግብቶ ያመጣት ከዚያው ከአገሩ ነበር። ቤታችን ከሐይቁ ብዙም አይርቅም። ነፋሱ ከዓሣ ገበያው ከአሞራ ገደል በኩል ሲነፍስ የዓሣው ሽታ እስከ መኝታ ቤታችን ይገባል፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ቆርቆሯችን ላይ ሲያርፉ ደግሞ ሰው የሚራመድ ይመስል ነበር። አባባ የሰበካ ጉባኤ አባል ነበር። እሑድ እሑድ ጎህ ሳይቀድ ነጠላውን አጣፍቶ፣ እኔን ሳይክሉ ኋላ ላይ አስቀምጦ ወደ ቅዳሴ ይነዳል። ጉንጬን ጀርባው ላይ እለጥፍና የነጠላውን የሳሙና ሽታ እየማግሁ እንቅልፌን እጨርሳለሁ። እማዬ በእግሯ ከጎረቤት ሴቶች ጋር ትደርስብናለች።

ታዲያ አንድ ክረምት ወንድም ተወለደልኝ። ስም እንኳ በደንብ ሳይወጣለት፣ ክርስትና የሚነሳበት አርባ ቀኑ ሳይሞላ ሞተ። እማዬም ታማ ቡሹሎ ጤና ጣቢያ ተኛች። ከዚያ ስትመለስ ሰውነቷ እንጂ እሷ አልተመለሰችም። አታለቅስም፣ አትበላም፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትውላለች። አባባ በር ላይ ቆሞ ያያታል፤ የሚለው ነገር ስለሚያጣ ግን ተመልሶ ሳይክሉን ይወለውላል። «ዝም አይነቅዝም» የሚለውን ተረት የሚወድ ሰው ነበር። በቤታችን ግን ያን ጊዜ ዝምታው ራሱ መንቀዝ ጀምሮ ነበር።

እናቴን ያስነሷት ጎረቤታችን እትዬ ዳንጊሴ ናቸው። የሲዳማ ሴት ናቸው፣ የጴንጤ ቸርች አገልጋይ። በየቀኑ እየመጡ ጸጉሯን ያበጥሩላታል፣ የእንሰት ቡላ አሙቀው በማንኪያ ይሰጧታል። ሲጨርሱ እጇን ይዘው በሲዳምኛ ይጸልያሉ። እማዬ ቋንቋውን አትሰማም፤ ግን እጇን አትነጥቃቸውም። አንድ እሑድ ደግፈው ወደ እነሱ ቸርች ወሰዷት። ስትመለስ ዓይኗ አብጦ፣ ድምፅዋ ሻክሮ ነበር። «ምሳ በላችሁ?» አለችን። እኔ ደስ ብሎኝ ጓደኞቼን ልጠራ፣ ሱዚ ልዘል ወጣሁ። አባባም ፊቱ ፈታ ብሎ ነበር። አንዴ ብቻ መስሎት ነው።

አንዴ ብቻ አልነበረም። ወራት አለፉና አንድ ቀን ምሳ ላይ «ግርማ፣ ከሌላ ሰው እንዳትሰማው ብዬ ነው። ጌታን ተቀብያለሁ። ከእነሱ ጋር ነኝ» አለችው። አንገቷ ላይ ማተቡ አልነበረም። አባባ የጠቀለላትን ጉርሻ መልሶ ትሪው ላይ አኖራት። አልተቆጣም፣ አልጮኸም። እጁን ታጥቦ ሲቀመጥ ግን ወደ እኔ ዞረና «ለእናትሽ ንገሪያት፣ ትሪውን ታንሳው» አለኝ። ሥራዬ በዚያች ምሳ ተጀመረ።

ወሬው ደብረ ብርሃን ደረሰና የአባባ ታላቅ እህት፣ አክስቴ አስካለ፣ ጸበል በጀሪካን ይዘው መጡ። ክፉ ሴት አልነበሩም። ወንድማቸውን ያሳደጉ እሳቸው ናቸው፣ እማዬንም ሽማግሌ ልከው የመረጡለት እሳቸው ናቸው። ቤቱ ሲፈርስ ቆሜ አላይም ብለው የግቢውን በር ቁልፍ ከመቀነታቸው ጋር ቋጠሩት። ገበያ የሚሄዱት እሳቸው ሆኑ። እማዬ ከግቢ አትወጣም። እኔም ከትምህርት ቤት እንደተመለስኩ «ለዳንጊሴ መልእክት ታመላልሺ ይሆናል» ተብዬ አልወጣም። ልጆቹ በአጥሩ ቀዳዳ «ሕይወት፣ ሰኞ ማክሰኞ እንጫወት!» ሲሉኝ «አመመኝ» እላለሁ። ጠጠራቸው መሬት ላይ ሲንሸራተት እሰማለሁ።

ከሁሉ የሚከብደኝ እሑድ ነበር። አባባ ለቅዳሴ ሲወጣ አክስቴ በሩን ከኋላው ይቆልፋሉ። ረፋዱ ላይ የነእትዬ ዳንጊሴ ቸርች መዝሙር በነፋሱ ይመጣል። ያኔ እማዬ ልብስ ማስጫው ጋ ትሄዳለች። ልብሱ ደርቋል፤ እሷ ግን አንድ በአንድ አውርዳ፣ አራግፋ፣ መልሳ ታሰጣዋለች። መዝሙሩ እስኪያልቅ እንዲህ ትቆያለች፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን የላትም። አክስቴ በረንዳ ላይ ሆነው ያይዋታል። እኔ ከሁለቱ መሃል ደረጃው ላይ ተቀምጬ ወደየትኛዋ እንደማይ ግራ ይገባኛል። እማዬን ካየሁ አክስቴ «አየሽ፣ ልጅቷንም ልትወስዳት ነው» ይላሉ። ካላየኋት ደግሞ ብቻዋን ናት። ስለዚህ ጎንበስ ብዬ እግሬን አያለሁ።

በመጨረሻ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሽማግሌ ተጠራ። የንስሐ አባታችን መጡ፣ የእድራችን ዳኛ ጋሽ ዘውዴም መጡ። እማዬ በርጩማ ላይ ተቀመጠች። እኔ ውሃ ላቀርብ በሩ ጋ ቆሜያለሁ።

«ልጄ ጥሩወርቅ፣ ምን ጎደለብሽ?» አሉ ቄሱ በለሰለሰ ድምፅ።

«አባቴ፣ እርስዎን አክብሬ ነው የምናገረው። የጎደለብኝ የለም። ልጄ ሲሞት እንባዬ አብሮት ሞቶ ነበር። እዚያ ስሄድ ነው ማልቀስ የቻልኩት።»

«ማልቀሻ አጥተሽ ነው ሃይማኖትሽን የጣልሽው? እዚህ እኛ አናስለቅስሽም ነበር?» አሉ አክስቴ።

ጋሽ ዘውዴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳሉ ይባላል። አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ቤተ ክርስቲያን እንዴት ይሆናል?»

እማዬ አፏን ሳትከፍት አክስቴ ቀደሟት። «ወይ ዛሬ ማተቧን ትሰር፣ ወይ ጓዟን ትጠቅልል። ልጅቷ የወንድሜ ናት፣ እዚሁ ትቀራለች።»

ሁሉም ወደ አባባ ዞሩ። አባባ ጉልበቱን ሲያሻሽ ቆየና ቀና ብሎ እኔን አየኝ። አፉን ሳይከፍት አወቅሁት። «ለእናትሽ ንገሪያት...» ብሎ ጀመረ።

ምን እንደሚል አላውቅም። ደህና ነገር ይሁን ክፉ፣ ያንን ነገር እኔ ተሸክሜ እናቴ ጋ ልወስደው እንደማልችል ብቻ ነው የታወቀኝ።

«አልነግራትም» አልኩ። «አባባ፣ እዚህ ናት። ራስህ ንገራት።»

አክስቴ እጃቸውን አነሱ። ቄሱ «ተያት» አሏቸው። እኔ ውሃውን ወለሉ ላይ አስቀምጬ ከእማዬ በርጩማ አጠገብ ተቀመጥኩና ቀሚሷን ጨብጬ ያዝኩ።

አባባ ያን ጊዜ እናቴን አያት። «ጥሩዬ» አላት። ያንን ስም ከሰማሁ ቆይቼ ነበር። «ነገ ስንት ሰዓት ነው የሚጀምረው?»

«ምኑ?»

«የእናንተ ጸሎት።»

«ሦስት ሰዓት» አለች፣ ድምፅዋ እየጠፋ።

«ከቅዳሴ ወጥቼ እደርሳለሁ። ብቻሽን አትሂጂ።» ከዚያ ወደ እህቱ ዞረ። «አስኩ፣ ቁልፉን ስጫት።»

«ግርማ፣ ምን ማለትህ ነው?» አሉ ጋሽ ዘውዴ።

«ሃይማኖቴን አልለቅም፤ እሷንም አልለቅም። ሌላ ማለት አልችልም» አለ አባባ።

ቄሱ ተነሡ። አባባ መስቀል ተሳለመ፣ እኔም ተሳለምኩ። እማዬ ጋ ሲደርሱ አንገቷን ደፋች እንጂ አልተሳለመችም። ቆም አሉና «እግዚአብሔር ይጠብቅሽ» ብለዋት ወጡ።

በማግስቱ አክስቴ ለማንም ሳይሰናበቱ በጠዋቱ አውቶብስ ሄዱ፤ ዳግመኛ እቤታችን አልገቡም። አባባን ከሰበካ ጉባኤው ቦታህን ልቀቅ አሉት፤ ለቀቀ። እሑድ እሑድ ግን ከቅዳሴ ሲመለስ ቁርሱን ሳይበላ እማዬን ይዟት ይሄዳል። ቸርቹ በር ላይ ያደርሳትና መንገዱን ተሻግሮ ዛፉ ሥር ከሳይክሉ ጋር ይቆማል። «ጋሽ ግርማ፣ ይግቡ እንጂ!» ይሉታል። «እዚህ ይሻለኛል» ይላል። ለዓመታት እንዲሁ ነበር። እሷም በሁዳዴ ከቤታችን የሥጋ ሽታ አንድ ቀን አውጥታ አታውቅም።

ሰላም ወረደ ማለቴ አይደለም። ተጨቃጨቁ፤ ግድግዳው ላይ ስላለው ቅዱስ ሥዕል፣ ስለ ጾሙ፣ እኔ የት እንደምሄድ። ግን ፊት ለፊት ነው የሚጨቃጨቁት። እኔ ውጭ ሱዚ እየዘለልኩ ጭቅጭቃቸውን በመስኮት ስሰማ ደስ ይለኝ ነበር። የኔ ነገር ግን አልተፈታም። አንዱን ብመርጥ ሌላውን የምገፋ ስለሚመስለኝ፣ ጠዋት ከእሱ ጋር አስቀድሳለሁ፣ ረፋዱ ላይ ከእሷ ጋር እዘምራለሁ፤ ሁለቱም ጋ ከኋላ፣ በር አጠገብ።

ዛሬ እዚሁ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ከየአገሩ የመጡ፣ የየእምነቱ ልጆች ናቸው፤ ካፌ ሲቀመጡ «ጾመኛ ማነው?» ብለው ጠይቀው ያዝዛሉ፣ በቃ። ስላለፈው ስነግራቸው ተረት ይመስላቸዋል። ደስ ይለኛል፤ ትንሽም እቀናባቸዋለሁ።

አባባ ካረፈ ቆይቷል። በሚወዳት ቤተ ክርስቲያን ግቢ ተቀበረ። እማዬ ተዝካሩን አንድ ነገር ሳታጎድል ደገሰች። የቸርቿ ሽማግሌዎች ጠርተው ሲጠይቋት «የኔ እምነት አይደለም፣ የእሱ ነው። ባሌ ነው» አለቻቸው። እሷ ስታልፍ ግን አጠገቡ ቦታ የላትም፤ የቸርቿ መቃብር ከከተማው ሌላ ጫፍ ነው። ይህ ነገር ሌሊት ከእንቅልፌ ይቀሰቅሰኛል። ባለፈው ደፍሬ አነሳሁባት። ያረጁ ጣቶቿን እያፍተለተለች ሳቀች።

«ልጄ፣ እኔ መለያየት የፈራሁት እዚህ ቤት ውስጥ ነበር። ያ ፍርሃት አልፏል» አለችኝ።

ለእሷ አልፏል። እኔ ግን ሁለቱን መቃብሮች እያሰብኩ፣ ወደየትኛው ቀድሜ እንደምሄድ እስካሁን አላወቅሁም።